እርሳሱን የያዘው ሰው

ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው ሲወራ ደሜ ይፈላል። ልጆቼ የቤት ሥራ ይዘው መጥተው «እማዬ፣ ፓስት ቴንስ አልገባንም» ሲሉኝ ቁጭ ብዬ አስረዳቸዋለሁ፤ ደህና አድርጌ ነው የማስረዳቸው፤ ግን ድምፄ ሳላስበው ይሻክራል። ባለቤቴ «ምን አደረጉሽ? ሰዋስው ነው እኮ» ይለኛል። እሱ የጅማ ልጅ ነው፣ እኛ መቱ ላይ ምን እንዳየን አያውቅም። እስኪ አንዴ ከሥሩ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት ፕላዝማ የሚሉት ቴሌቪዥን በየክፍሉ ግድግዳ ላይ በተሰቀለበት ዘመን ነው። ትምህርቱ በሳተላይት ከሰማይ ይወርዳል ተባለ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ገሚሶቻችን በአፋን ኦሮሞ፣ ገሚሶቻችን በአማርኛ ነበር የተማርነው፤ ዘጠነኛ ላይ ሁላችንም እኩል ባዳ ሆንን። ባዮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ፣ ያውም በአፍንጫው በሚያወራና አንድ ቀን አይቶን በማያውቅ ሰው። ሰውየው «አሁን ጥያቄውን ሥሩ» ይላል፣ ማያው ጥግ ላይ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል፣ እኛ ደብተር ሳንገልጥ ሰዓቱ ያልቃል፣ እሱ ፈገግ ይልና «ዌል ዳን» ይለናል። ማን ሠራና ነው ዌል ዳን? አንድም ሰው አልሠራም። መብራት ሲጠፋ ክፍሉ በጩኸት ይናጋ ነበር፤ መቱ ላይ ደግሞ መብራት መጥፋቱ ብርቅ አልነበረም።

አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ማየት አትችልም ነበር። መንደሯ በሶር ፏፏቴ በኩል ነው። ገና በእናቷ ጀርባ ሳለች ኩፍኝ ይዟት ዓይኗን ወሰደው። መቱ ላይ ለዓይነ ስውራን ክፍል ተከፍቷል ሲባል፣ ገበሬው አባቷ ይዘዋት መጥተው አክስቷ ዘንድ አስቀመጧት። እስከ ስምንተኛ ድረስ በብሬል፣ በጣቷ እያነበበች ተማረች። ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ ብሬል የሚባል ነገር የለም። መጽሐፉ ሁሉ ለዓይን ነው፣ ፕላዝማውም ለዓይን ነው። «ሥዕሉን ተመልከቱ፤ ሰውየው አሁን ምን እያደረገ ነው?» ይላል ያ የቴሌቪዥን መምህር፣ ፕረዘንት ኮንቲኒየስ ማስተማሩ ነው። እሷ ፊቷን ወደ ድምፁ አዙራ ትጠብቃለች። ሰውየው ምን እያደረገ እንደሆነ የሚነግራት የለም።

የራሳችን የእንግሊዝኛ መምህር ዋና ሥራው ቴሌቪዥኑን መክፈትና መዝጋት ነበር። መብራት በጠፋ ቀን ግን ጠመኔ ያነሳል። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ረጅም መስመር አሰመረና «እዚህ ጋ ያለው ፓስት ነው። እዚህ ጋ ፕረዘንት። ከዚህ ወዲያ ያለው ደግሞ ፊውቸር» እያለ በጠመኔው ቷ ቷ አደረገ። እሷ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እዚህ ጋ ማለት የት ጋ ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ሳቀ። «ጎንሽ ያለችው ትንገርሽ» አላት። ጎኗ ያለሁት እኔ ነበርኩ፤ እኔም መስመሩን አየሁት እንጂ አልገባኝም። ሳቁ ግን አናደደኝ። እሷ የጠየቀችው እኮ እኛ ሁላችን ልንጠይቀው የፈራነውን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንባቢዋ ሆንኩ።

አባቴ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ነበረው። ከትምህርት በኋላ ከሱቁ ጀርባ ባለችው የዕቃ ክፍል፣ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጠን የሰዋስው መጽሐፍ አነብላታለሁ። የመጀመሪያው ቀን ተጣላን።

«ቆይ፣ ምን አልሽ?» አለችኝ።

«ሺ ዎክ።»

«ትሄዳለች ነው፣ ወይስ ሄደች?»

መጽሐፉን አየሁ። ሺ ዎክድ ነው የሚለው። «ሄደች» አልኳት።

«ታዲያ ጭራውን ለምን ትበዪዋለሽ? ለእኔ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።»

በጣም ነበር የከፋኝ። እኔ በነፃ ላንብብልሽ ብዬ ደግሞ ታርመኛለች? ቤት ሄጄ ሳስበው ግን እውነቷን ነው። ዓይን ያለው ሰው አፉ ቢሰንፍ ዓይኑ ይክሰዋል። እሷ ነገሩ ያለፈ ይሁን የሚመጣ የምታውቀው ከእኔ ምላስ ጫፍ ላይ ነው። የቃሉን መጨረሻ ከዋጥኩባት ዛሬና ትናንት ይደባለቁባታል። ስለዚህ ጭራ መብላት አቆምኩ። ኤሱን እንደ እባብ፣ ኢዲውን እንደ ምስማር እየመታሁ ማንበብ ለመድኩ። አባቴ ከሱቁ ሆኖ «ምነው፣ ምላስሽ ተሰነጠቀ እንዴ?» ይለኝ ነበር።

አሥረኛ ክፍል ስንደርስ ግን የምታስተምረኝ እሷ ሆነች። እኔን ያስቸገረኝ ያ ፐርፌክት የሚሉት ነው። ፓስቱም ያለፈ፣ እሱም ያለፈ፣ ታዲያ ሁለት ያለፈ ምን ያደርጋል? አለቀስኩ ብላችሁ ታምናላችሁ? መጽሐፉን ወርውሬ አለቀስኩ።

«ከቤታችን ቁልቁል ሲኬድ ሶር አለ» አለችኝ፣ ተረጋግታ። «ሶር ይጮኻል። ክረምት ከበጋ፣ እኔ ኖርኩ አልኖርኩ ይጮኻል። ይኼ ሲምፕል ፕረዘንት ነው። አፋፉ ላይ ቆሜ ‹እየጮኸ ነው› ካልኩሽ ኮንቲኒየስ ነው። ‹ትናንት ሰማሁት› ካልኩሽ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ፣ ነገሩ አልቋል፣ ያ ፓስት ነው።»

«ፐርፌክቱስ?»

«ሰምቼዋለሁ። መቼ ብለሽ አትጠይቂኝ። ሰምቼዋለሁ፣ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።»

ወላሂ፣ ያኔ ነው የገባኝ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ እየተባልኩ፣ ስንት መምህር ተለዋውጦ፣ ስንት ጊዜ ከሰማይ ዌል ዳን ተብዬ ያልገባኝን እሷ የስኳር ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ ባንድ ትንፋሽ አስረዳችኝ። ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ፣ ያንን ክፍል ሙሉ ልጅ ልታስተምር የምትችል ልጅ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ «እዚህ ጋ» እየተባለች ዓመት መጨረሷ ነው።

ያን ጊዜ አሥረኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና ነበር፣ ማትሪክ ነው የምንለው። ያለፈ አሥራ አንደኛ ይገባል፣ የወደቀ ወደየቤቱ። ለእኔ መውደቅ ማለት አባቴ ሱቅ መቆም ነው፣ ያን ያህል አያስፈራኝም። ለእሷ ምን እንደሆነ ነግራኛለች፤ ጓዳ ነው። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ፣ ሰርግ ሲሆን ወደ ጓዳ፣ ሰው «ምስኪን» እያለ ከበር ሲመለስ እየሰሙ ማርጀት። አባቷ ይወዷታል፤ ዘመዱ ሁሉ ግን «ለዚህች ልጅ ይህን ያህል መድከም ምንድን ነው?» እያለ ያዳክማቸው ነበር። ብትወድቅ «ይበቃታል» ሊላቸው ያሰፈሰፈው ብዙ ነው። እሷ ደግሞ የቋንቋ መምህር መሆን ፈልጋ ነበር። ለማንም አትናገረውም፤ ለእኔ ነግራኛለች።

ለዓይነ ስውር ተፈታኝ አንባቢ ይመደባል። ለብቻ ክፍል ይሰጣቸዋል፣ አንባቢው ጥያቄውንና ምርጫዎቹን ያነብላታል፣ እሷ ፊደሉን ትናገራለች፣ እሱ መልስ መስጫው ላይ ያጠቁራል። እርሳሱን የሚይዘው እሱ ነው። የተመደበላት ሰው በከተማው የታወቀ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር። በደግነቱ ነው የሚታወቀው። ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚደርሰው እሱ፣ የታመመ የሚጠይቀው እሱ፣ ለተቸገረ አዋጡ ሲባል እጁን ቀድሞ ኪሱ የሚከተው እሱ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እኮ ይቀለኝ ነበር፤ ሰድቤው አርፋለሁ።

ፈተናው ያለቀ ዕለት በር ላይ ጠበቅኋት።

«አነባበቡ እንዴት ነው?»

«ጭራ ይበላል። ከድሮው ከአንቺ ይብሳል» አለች። «ፊደል በፊደል ይንገሩኝ ስለው ‹አይዞሽ የኔ እህት፣ እኔ አለሁልሽ› ይለኛል። ግን ደጋግሜ አስነብቤዋለሁ። እንግሊዝኛውን ጥሩ ሠርቻለሁ።»

ጉራ የምታውቅ ልጅ አይደለችም። ጥሩ ሠርቻለሁ ካለች ሠርታለች።

ውጤት ሲመጣ ክረምቱ ገና አላለቀም ነበር፤ በጭቃው እጅ ለእጅ ተያይዘን ሄድን። የእኔን አየሁ፣ አልፌያለሁ። የእሷን አየሁ። ባዮሎጂ ጥሩ። ጂኦግራፊ ጥሩ። ሒሳቡ እንኳን፣ ያ ሁሉ ሥዕል ያለበት ሒሳብ፣ ደህና። እንግሊዝኛ፣ ኤፍ። ድጋሚ አየሁት። ስሙ የእሷ ነው፣ የአባቷም ስም የእሷ ነው። እንግሊዝኛው በመውደቁ ማለፊያው አልሞላላትም። ስነግራት ክንዴን አጥብቃ ያዘች። በዚያው ጭቃ ተመለስን።

እንቆቅልሹን የፈታልኝ ራሱ ሰውየው ነው። ሱቅ ቆሜ ሳሙና ሊገዛ መጣ።

«ያቺ ጓደኛሽ አልመጣላትም አሉ» አለኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«አንጀቴን ነው የበላችው። እኔ እኮ የምችለውን ያህል ረድቻታለሁ።»

«እንዴት አድርገው?»

«ሌላውን ትምህርት አላውቀውም፤ ያለችኝን ጻፍኩላት። እንግሊዝኛው ላይ ግን ስትሳሳት እያየሁ እንዴት ዝም ልበል? እሷ ቢ ትላለች፣ እኔ ሲ መሆኑን አውቃለሁ። ነፍስ አይደለችም እንዴ? አስተካከልኩላት። ብዙውን አስተካክዬላት ነበር። እሱም ሳይበቃት ቀረ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ሳሙናው ከእጄ አልወደቀም፣ ምንም አልሆንኩም፤ ለአፍታ ያህል እንዲያውም የተናገረው አልገባኝም ነበር። ከዚያ ገባኝ። ያልነካውን ሁሉ አልፋለች። አላውቀውም ብሎ እጁን የሰበሰበበት ሁሉ ትክክል ነው። አውቃለሁ ያለው ብቻ ነው የጣላት።

«እርስዎ ነዎት የጣሏት» አልኩት። «እሷ እኮ ከእርስዎም ከእኔም የበለጠ ታውቀዋለች። ማን ጠየቀዎት? ማን እርዱኝ አለዎት? ዓይኗ ነው እንጂ የጠፋው ጭንቅላቷ ጠፍቷል አሉዎት?»

አባቴ ከውስጥ ወጥቶ «አደብ ያዢ» አለኝ። ሰውየው አልተቆጣም። «ተዋት፣ ልጅ ናት፣ ለጓደኛዋ አዝና ነው» አለ፣ ሳሙናውን ይዞ መርቆን ሄደ። እሱ ከሄደ በኋላ አባቴ «ሰውየው የሠራው ለጽድቅ ብሎ ነው፤ ኒያው ጥሩ ነበር» አለኝ፤ ሐሳቡ ማለቱ ነው። ኒያው ጥሩ ነበር። ይኼን ቃል ከዚያ በኋላ ስንት ሰው እንደነገረኝ። ኒያውን አላህ ይይለት፤ እኔ የማየው ኤፉን ነው። የምታይ ብትሆን ኖሮ ማንም ደፍሮ መልሷን አይነካም ነበር። ስለማታይ ግን ለማገዝ የፈለገ ሁሉ እጇን ሳይሆን ሕይወቷን ይዞ ይጎትታል፣ ከዚያ ተመስገን ይባላል።

ማታውኑ አክስቷ ቤት ሄጄ ነገርኳት።

«ስንቱን?» አለችኝ።

«ብዙውን ነው ያለኝ።»

«እንግዲህ ያ ኤፍ የእሱ ነው» አለች። «የእኔንስ ማን አየው?»

አቤት ለማለት ያልሄድንበት ቢሮ የለም። አባቷ ከገጠር መጥተው አብረውን ዞሩ፤ ሰውየውም ተጠርቶ መጣና በየዋህነት «አዎ፣ ረድቻታለሁ» አለ፣ አልዋሸም። እኔ አሁን ነገሩ አለቀ ብዬ ደስ አለኝ። የቢሮው ኃላፊ ግን ብዕሩን አስቀምጦ አየንና «ይኼ ከተጻፈ እኮ ኩረጃ ነው» አለ። «በፈተና ላይ ሌላ ሰው መልስ ሰጠላት ማለት ነው። ሌላውም ውጤቷ አብሮ ይሰረዛል፣ እሱም ይቀጣል። ይሻላችኋል?» በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። የተዘረፈችው እሷ፣ ኮራጅ የምትባለውም እሷ። አባቷ «ተዉት» አሉ። ወጣን። ደጅ ላይ ሰውየው እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ «ለበጎ ነው» አላት። እጁን ከትከሻዋ ላይ አንስቼ ጣልኩት፤ ሰው አየኝ፣ ነውረኛ ተባልኩ፤ ግድ አልሰጠኝም።

ዘመዶቿ እንደተጠበቀው «ይበቃታል» አሉ። አባቷ ግን አንድ ዓመት ብቻ ለመኑላት። በግል ተመዝግባ እንግሊዝኛውን ድጋሚ ትፈተናለች፤ ያኔም ካልሆነ ትቀመጣለች። አክስቷ ቤት መኖሩ ስለቀረ ወደ ገጠር ተመለሰች፣ በየገበያው ቀን ከአባቷ ጋር ወደ መቱ ትመጣለች። እሳቸው ገበያቸውን እስኪጨርሱ እኛ ሱቁ ጀርባ እናነባለን። አሥራ አንደኛ ክፍል የተማርኩትን ሁሉ አመጣላት ነበር። የተማርኩት ሰዋስው ለእሷ የድሮ ነገር ነበር፤ ከመጽሐፉ እኔ ሳነብ እሷ ቀድማኝ ትጨርሰዋለች። እያደነቅኋት ሳለሁ እናደዳለሁ። ይህችን ልጅ ማን ነው ወደቀች ያላት?

ፈተናው ሲደርስ ሌላ አንባቢ ይመደብላት ብለን ለመንን። እንግሊዝኛ የሚችሉት ሁሉ ወደ ሌላ ከተማ ለፈታኝነት ተመድበዋል ተባልን። «ደግሞ እኮ ልምድ ያለው እሱ ነው፤ ባለፈውም ያነበበላት እሱ ነበር» አለን የሚመድበው ሰው፣ ውለታ እንደዋለልን አድርጎ። አንዳንዴ ንዴት እንኳን ሰውን ይከዳዋል።

በዕለቱ እኔ ክፍል ስላልነበረኝ እስከ ፈተናው ክፍል በር አደረስኳት። ሰውየው ከሩቅ ሲያያት ፊቱ በራ። «የኔ እህት፣ ዘንድሮም እኔ ነኝ። አይዞሽ» አላት።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት» አለችው።

«ምን ልሁንልሽ?»

«ዘንድሮ አይርዱኝ።»

ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። ውስጥ የሆነውን ከእሷ ነው የሰማሁት። ከበደሌ የመጣች አንዲት ሴት ፈታኝ በሩ ላይ ነበረች። ገና ሳይጀመር ጓደኛዬ ሴትየዋን ጠራቻትና «እመቤቴ፣ እኔ የምለውንና እሳቸው የሚያጠቁሩትን እያስተያዩ ይቁሙልኝ» አለቻት። ሰውየው ከፋው። «አላመንሽኝም?» አላት። ሴትየዋ «መብቷ ነው» ብላ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያ ጓደኛዬ ቃላቱን ፊደል በፊደል አስነበበችው፣ ሲቸኩል ከመጀመሪያው አስደገመችው። መሐል ላይ አላስችል ብሎት «እርግጠኛ ነሽ? እስኪ ደግመሽ አስቢ» አላት። እሷም «ጋሼ፣ ብሳሳትም የሚጻፈው የእኔ ስሕተት ነው» አለችው። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገረም፣ አነበበ፣ አጠቆረ። ስትወጣ ላቧ በግንባሯ ይወርድ ነበር። «አለቀ» ብቻ አለችኝ።

እንግሊዝኛ፣ ኤ። እኔው ነኝ ያነበብኩላት። በሕይወቴ ጮክ ብዬ ካነበብኩት ሁሉ ያንን ፊደል የሚያህል ያስደሰተኝ የለም። እሷ ደግሞ ከዚያ በፊት አይቼባት የማላውቀውን ሳቅ ሳቀች፣ ጥርሷን ሁሉ አሳይታ። እዚያው ግቢ ውስጥ ተቃቅፈን ዞርን።

ደስታዬ ግን አንድ ቀን አላደረም። ከተማው ወሬውን በአንድ አፍ ተቀባበለው፤ ያ ደግ መምህር፣ አምና አልሆን ብሎት፣ ዘንድሮ ተሳክቶለት ዓይነ ስውሯን አሳለፋት። አሳለፋት። አክስቷ እንዲህ አለች። ጎረቤቶቻችን እንዲህ አሉ። አባቴ ሳይቀር ስኳር እየመዘነ «አየሽ፣ ያን ሰው በከንቱ ነው የተናገርሽው» አለኝ። እሷ የሠራችውን ለአንድም ሰው ማስረዳት አልቻልኩም። ሰው ሁሉ ያለቀሰላት ስትወድቅ ነው፤ ስታልፍ ደግሞ የመረቀው እሱን ነው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አባቷ ከእሷ ጋር ወደ ሱቃችን መጡ። እጃቸው ላይ ክዳን ያለው የቀለም ባልዲ አለ፤ ሲያስቀምጡት ክብደቱ ያስታውቃል። ማር ነው። ነጭ የጫካ ማር፣ ገበያ ወጥቶ ቢሸጥ ለእሷ ደብተርና ጫማ፣ ለእሳቸውም ቤት ስንት ነገር የሚሆን። የመምህሩን ቤት እንዳሳያቸው ጠየቁኝ።

«ለእሱ ነው?» አልኳቸው። ለመምህሩ የምሰጠው አንቱታ እንኳን ጠፋኝ። «አባባ፣ ለዚያ ሰው ነው ማር የሚወስዱለት? እርስዎም እሱ ነው ያሳለፋት ብለው አመኑ?»

እሷ የከተማውን ወሬ አልሰማችም ነበር መሰለኝ፤ ፊቷ ተለወጠ። «አባ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት» አለቻቸው በአፋን ኦሮሞ። «ፊደል በፊደል። ሴትየዋ ምስክሬ ናት።»

አባቷ ባልዲውን መልሰው መሬት ላይ አኖሩትና ከፊቷ ቁጢጥ አሉ። «ኢንተላ ኮ» አሏት፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «አንቺ መሥራትሽን እኔ አጣሁት? አምናም አንቺ ነበርሽ የሠራሽው፣ ዘንድሮም አንቺ ነሽ። ግን የአሥራ ሁለተኛው ፈተና አለ። ያን ቀን እርሳሱን የሚይዘው ማን ነው?»

ማር ለሚወዱት ሰው ብቻ ነው የሚወሰደው ብዬ የማስብ ልጅ ነበርኩ። እሳቸው ግን ከእኔ በላይ ተናደው፣ ንዴታቸውን ውጠው፣ ዛፍ ወጥተው ቀፎ አውርደው ነው የመጡት። እሷ እጇን ወደ አባቷ ዘረጋች። «እኔም እሄዳለሁ» አለች። «ካልሄድኩ ቅር ይለዋል።»

ሦስታችንም ሄድን። ሰውየው ማሩን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ «ምን አስቸገራችሁ፣ እኔ እኮ የሠራሁት ለነፍሴ ነው» አለ። አስቀመጠን፣ ሻይ አስመጣልን። ስንነሳ እጁን ራሷ ላይ ጭኖ «የጀመርሽውን ያስጨርስሽ፣ እኔም እስከ መጨረሻው እረዳሻለሁ» ብሎ መረቃት። አባቷ ጎንበስ ብለው «አሜን» አሉ። እሷም አሜን አለች። እኔ አላልኩም።